ቤት አልባው ያደረሰው ዓሣ

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው ኮስማ ነው። ጫማውን ያወለቀውም እሱ ነው።

ኢንስፔክተር ኦቲሊያ ቭሮና ከሊፖቮ ከተማ ዳርቻ ካለው የጓሮ አትክልት ቦታ ስትደርስ፣ ሟቹ አካፋና መኮትኮቻ በሚቀመጥባት የሳንቃ ጎጆ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ቀርቷል። ጭኑ ላይ ባዶ የቮድካ ጠርሙስ ተጋድሟል። የገና በዓል ሊገባ ነው፤ ብርዱ የሰው ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ የሚያደርቅ ዓይነት ነው።

ሳጅን ኢግናጺ በሩ ላይ ቆሞ ከቤቱ ያመጣውን ዳቦ በቋሊማ ይገምጣል።

«ቪቶልድ ሳርና ይባላል፣» አለ እያላመጠ። «ድሮ የትራም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ሚስቱ ሞተች፣ ከዚያ ቤቱ ሄደ፣ ከዚያ ጎዳና ወጣ። ጠጣ፣ ተኛ፣ ደረቀ። በየክረምቱ አንድ ሁለቱ እንዲህ ይሄዳሉ። ማዘጋጃ ቤቱም የኀዘን መግለጫ አውጥቷል።»

«መቼ?»

«አሁን። ስልኬ ላይ ገባ።»

«ስሙን እንኳ ሳይጠይቁን?»

«ስም አያስፈልገውም። ‹አንድ ወገናችን› ነው የሚለው። የአምናውም እንደዚሁ ነበር፤ ቀኑን ብቻ ነው የቀየሩት።»

ኦቲሊያ ተንበረከከች። የሟቹ ፀጉር በረዶ ሆኖ ራሱ ላይ ተጣብቋል። ካፖርቱን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። የካፖርቱን ቁልፍ ፈትታ እጇን ወደ ሸሚዙ ሰደደች። ሸሚዙ እንደ ሳንቃ ደርቆ ቆሟል።

«ንካው፣» አለችው።

ኢግናጺ ዳቦውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ነካው። «በረዶ ነው።»

«በረዶ ላይ የወደቀ ሰው ካፖርቱ ደርቆ ሸሚዙ ይርሳል?»

«ሰካራም እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሰካራም ምን የማያደርገው አለ?»

ሰካራም የሚለው ቃል በሊፖቮ ብዙ ሥራ ይሠራል። ጥያቄ ሁሉ እሱ ጋ ሲደርስ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ኦቲሊያ ጠርሙሱን በጓንቷ አንሥታ በከረጢት ከተተችና ሬሳው ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ አዘዘች።

ኮስማን በጣቢያው የምርመራ ክፍል አገኘችው። ቀጭን፣ ጥርሱ የተራገፈ፣ ሴት ስትገባ ከወንበሩ ብድግ የሚል ሰው ነው። የሟቹን ጫማ ተጫምቷል።

«ከሬሳው ላይ ነው ያወለቁት?»

«ከሬሳው ላይ ነው፣ የኔ እመቤት። የሞተ ሰው አይበርደውም፤ እኔን ይበርደኛል። እግዜር ይሄን ይረዳል። ዐቃቤ ሕግ ግን የሚረዳ አይመስለኝም።»

«ከዚያ በፊት ተጣልታችኋል። የጓሮው ዘበኛ ጩኸታችሁን ሰምቷል።»

«በየቀኑ ነው የምንጣላው። ቪቶልድ አይጠጣም ነበር። ከማይጠጣ ሰው ጋር አንድ ጎጆ ማደር ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ሁልጊዜ ልክ እሱ ነው።»

ኦቲሊያ ቀና አለች። «አይጠጣም?»

«ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም። ሌላው ሰው ሚስቱ ስትሞት ይጀምራል፤ እሱ ተወ። ነገሩ ሁሉ በግልባጩ ነው።»

«ካልጠጣ የቤት አልባዎቹ ማደሪያ ለምን አላስገቡትም?»

«ኖሮበታል እንጂ! ከዚያ ‹የድጋፍ መኖሪያ ወጥቶልሃል፤ የራስህ ክፍል፣ የራስህ ባኞ፤ እዚህ ፈርም› አሉት። ፈረመ። ቁልፉ ሲደርስ እንጠራሃለን አሉት። ይሄው ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ማደሪያው በር ሲቆም ‹አንተ እኮ ባለ ቤት ነህ› ይሉታል። ቤቱ የት ነው ሲላቸው ‹ታገሥ›።» ኮስማ በድዱ ሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ! እኔ ‹ባለ ፎቁ› እያልኩ ነበር የምጠራው። ትናንት የተጣላነውም በዚያ ነው። ሌላ ጎጆ ሄጄ አደርኩ። ጠዋት ይቅርታ ልለው ስመጣ ቁጭ ብሏል።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀርቶ ሰውየው ግን ከሳቁ ወጣ።

«መጨረሻ ያዩት ወዴት ሲሄድ ነው?»

«ለገበያዋ ዓሣ ሻጭ ለወይዘሮ ያድቪጋ ዓሣ ሊያደርስላት። በበዓል ሰሞን እሷ ጋ ነው የሚውል።»

ከክፍሉ ስትወጣ ኢግናጺ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «ዐቃቤ ሕጉ ደወለ። ጫማ አለ፣ ጠብ አለ፣ ምን ቀረ ይላል። በዋዜማው ማታ በነፍስ ማጥፋት ሊከሰው ነው። ዕድሜ ልክ ያስፈርድበታል፤ እሱ ግን ለበዓል ተራራ መውጣት ይፈልጋል።»

«ማን?»

«ዐቃቤ ሕጉ። በረዶ ሸርተቴ ይወዳል።»

ማደሪያው የቆየ የክር ፋብሪካ ነው። ግንባሩ ላይ «ሞቅ ያለ ጣሪያ ፋውንዴሽን — በማዘጋጃ ቤታችን በጀት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ከበሩ ይበልጣል። በሩ ላይ ሰዎች ተሰልፈው የአልኮል መለኪያውን ይነፋሉ። ቀይ ያበራበት ወደ ብርዱ ይመለሳል፤ አረንጓዴ ያበራለት ሾርባ ያገኛል። ከሰሌዳው ጋር ፎቶ የሚነሡ እንግዶች ሲመጡ ግን ማንም ንፉ አይባልም። ኦቲሊያ ባለፈው የማዘጋጃ ቤት ግብዣ ላይ ምክትል ከንቲባው በዚሁ በር ሲገቡ አይታ ነበር፤ ቢነፉ ኖሮ መሣሪያው ይፈነዳ ነበር።

ዳይሬክተሩ ሴቬሪን ባጊንስኪ በእጅ የተሠራ ሹራብ የለበሰ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ ውስጥ ትልቅ የካርቶን ቁልፍ ይዞ ከምክትል ከንቲባው ጋር ቆሟል።

«እነዚህ ሰዎች ልጆቼ ናቸው፣» አለ።

«ቪቶልድም?»

«በጣም አስቸጋሪው ልጄ። ስለ ሞተ ሰው ክፉ አልናገርም፣» አለና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክፉ ተናገረ። ቪቶልድ ኩሩ ነበር፣ ቪቶልድ አመስጋኝ አልነበረም፣ ቪቶልድ በድብቅ ይጠጣ ነበር።

«የድጋፍ መኖሪያ ወጥቶለት ነበር ይባላል።»

«በሂደት ላይ ነበር። ሰው ለቤት መዘጋጀት አለበት፣ ክብርት ኢንስፔክተር። ቤት ግድግዳ ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ ሌላ ምንድን ነው?»

ሴቬሪን ፈገግ አለ፤ ሕፃን የጠየቀችው ይመስል።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«መንገድ ላይ። የፋውንዴሽኑን መኪና ይዤ የወደቁትን ሳነሣ። ሾፌሩን ለበዓል ልኬዋለሁ። ዳይሬክተር ነኝ ብዬ ወንበር ላይ አልቀመጥም፤ ከተማው ሁሉ አይቶኛል።»

እውነቱን ነው፤ ከተማው ሁሉ አይቶታል። ኢግናጺ ሱቁንም ነዳጅ ማደያውንም ጠይቆ መጣ፤ መኪናዋ በየቦታው ቆማለች፣ ዳይሬክተሩ ሰው እየደገፈ ሲያስገባ ሲያስወጣ ታይቷል።

«ከተማው ሁሉ የሚመሰክርለት ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፣» አለ ኢግናጺ። «እኔን ሚስቴም አትመሰክርልኝ።»

ዶክተር ሉቦሚር አስከሬን የሚመረምረው በሥራ ቀን ነው፤ በዕረፍቱ ዓሣ ያጠምዳል። የሁለቱም ሽታ ከእጁ አይለቅም ብላ ኦቲሊያ ታሾፍበታለች። በማግስቱ ጠዋት ስትገባ በመቆንጠጫ አንድ ነገር ይዞ ወደ መብራቱ አንሥቷል።

«ሰካራምሽ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም፣» አላት። «ደሙ ንጹሕ ነው። ቮድካውን ካፖርቱ ነው የጠጣው። ብርድም አልገደለው።»

«ምን ገደለው?»

«ውሃ። ሳንባው ሙሉ ነው። የቧንቧ ውሃ፤ የወንዝ ወይም የኩሬ ቢሆን አረንጓዴ ነገር ይኖረው ነበር። አንገቱ ላይ ከኋላ የጣት ምልክት አለ፤ አንድ ሰው ወደ ታች ይዞታል። ይሄን ደግሞ ከአየር ቧንቧው አወጣሁት።»

መቆንጠጫው ላይ ያለችው ከጥፍር ያነሰች፣ ብርሃን የምታሳልፍ ነገር ናት።

«የዓሣ ቅርፊት?»

«የካርፕ። የገና ሰሞን ነው፤ ከተማው ሁሉ ካርፑን ከነሕይወቱ ገዝቶ ባኞ ውስጥ አኑሮ፣ ራሱ በባልዲ ነው የሚታጠበው። ሰውሽ ካርፕ ባለበት ባኞ ውስጥ ነው የሰጠመው።»

«ስለዚህ ማንኛውም ቤት ሊሆን ይችላል።»

«አይደለም፤ ኧረ እንደሱ አትበይ!» ዶክተሩ ዓይኑ በራ። «ገበያ ላይ ያለው መስታወቴ የምንለው ነው። ቆዳው ልሙጥ፣ ጀርባው ላይ ብቻ ሰፋፊ ቅርፊት። ይሄ ግን ገላውን ሙሉ በትንንሽ ቅርፊት የሸፈነው ያሮጌው ዘር ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት ላጠምደው ስመኝ ነው የኖርኩት። ማን እንደሚበላው ካወቅሽ ንገሪኝ፤ አንቺ ታስሪዋለሽ፣ እኔ ዓሣውን እወስዳለሁ።»

ካፖርቱ ለምን እንደ ደረቀ ኦቲሊያ አሁን ገባት። ሰውየው ውሃ ውስጥ የገባው ካፖርቱን አውልቆ ነው። ሰው ካፖርቱን የሚያወልቀው ደግሞ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ነው።

ወይዘሮ ያድቪጋ ከሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳዎቿ ኋላ ቆማ፣ በአንድ እጇ መረብ በሌላው ሲጋራ ይዛለች።

«ቪቶልድን ማን ነካው? የነካውን እጁን ይቁረጠው!» አለች። «ከሁሉም ሠራተኞቼ እሱ ብቻ ነው ዓሣውን ይቅርታ ጠይቆ የሚይዝ።»

«ያሮጌው ዘር ካርፕ አለሽ?»

«እኔ? እሱ እኮ ለሰው አይሸጥም፣ ለባለሥልጣን ነው። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ለበዓል ሁለት ሰጠኝ፣ ‹ለከተማው ወዳጆች አድርሺ› ብሎ። ለቪቶልድ ባልዲ ሰጥቼ ላክሁት። አንዱ ለምክትል ከንቲባው ለአቶ ቴዎፊል፣ አንዱ ኦግሮዶቫ መንገድ ላይ ካለው ፎቅ፣ ከላይኛው ደርብ፣ አሮጊቷ ቤት።»

«የማን አሮጊት?»

«እኔ ምን አውቄ? ደርቡን ነገሩኝ፣ ስም አልነገሩኝም። ሰውዬውም አልተመለሰ፣ ባልዲዬም አልተመለሰ። ቀይ ባልዲ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። ‹ቪቶልድም እንደ ሌሎቹ ሆነ› ብዬ ሰደብኩት።» ሲጋራዋን ጣለች። «ሞቶ እያለ ሰደብኩት።»

አቶ ቴዎፊል ኦቲሊያን ቆመው ተቀበሏት፤ እንድትቀመጥ ግን አልጋበዟትም። ጠረጴዛቸው ላይ የክረምት ማደሪያ በጀት የተመረቀበት ሪባን በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። የቆረጡበት መቀስም አብሮ አለ።

«ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዓሣ ደርሶዎታል?» አለች።

«ዓሣ?» ምክትል ከንቲባው ቀሉ። «እኔ ስጦታ አልቀበልም። ፖሊስ አሁን ዓሣ ይመረምራል? ይልቅ አንድ ነገር ልንገርዎት። ፋውንዴሽኑን ነካ ነካ ካደረጉት ውሉ ይፈርሳል። ውሉ ከፈረሰ ማደሪያው ይዘጋል። በዚህ ብርድ ደጅ ላይ የሚወድቀው ሰው ሁሉ በእርስዎ ትከሻ ላይ ነው።»

«ስለ ፋውንዴሽኑ እኮ አንድ ቃል አልተናገርኩም።»

 ምክትል ከንቲባው ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰዎች መልስ ሲያጡ ሰዓት የሚያዩት ለምን እንደሆነ ኦቲሊያ ገብቷት አያውቅም።

ቤታቸው ስትሄድ በሩን የከፈተችው ሚስታቸው ናት። ኦቲሊያ ዓሣ ስትል ሴትየዋ በሳቅ ፈነዳች።

«አልደረሰኝም አለ? አይ ቴዎፊል! ደርሶታል እንጂ! ያመጣው ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ ነው የሰጠኝ፤ ‹አንድ ሌላ አለኝ› ብሎ ባልዲውን ይዞ ሄደ። የኔ ባል ማታ ሲገባ ዓሣው ዓይን ዓይኑን ሲያየው ፈርቶ ሾፌሩን ጠራ። ሾፌሩ በረንዳ ላይ ገደለው።»

«ባኞ ውስጥ አልነበረም?»

«ባኞ የት አለና? አፍርሰን ሻወር አስገባን። ይግቡና ይዩ፤ ከጣሊያን ነው የመጣ።»

ኦቲሊያ አየች። ከጣሊያን የመጣ ሻወር ውስጥ ሰው ማስጠም አይቻልም። ምክትል ከንቲባው በዚያ ሰዓት ደግሞ ካሜራ ፊት ሪባን ሲቆርጡ ነበር። ዋሽተዋል፤ የዋሹት ግን በዓሣ አፍረው ነው። በሰው ቢያፍሩ ይሻል ነበር ብላ አሰበች፤ አልተናገረችም።

በዋዜማው ቀን ጣቢያው ባዶ ሆነ። ኢግናጺ ስልኩ አጠገብ ቀርቶ ነበር። «ዐቃቤ ሕጉ ሻንጣውን መኪና ላይ ጭኗል፣» አላት። «የኮስማን ክስ በመንገዱ ላይ ፈርሞ ያልፋል። የፍተሻ ፈቃድ ስለው ‹በገና ዋዜማ የሰው ቤት? አብደሃል?› አለኝ።»

«ኮስማ ራሱስ?»

«ተቀምጧል። ዕድሜ ልክ ማለት ቀለብም ይጨምራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

ኦቲሊያ ካፖርቷን ለበሰች። ኦግሮዶቫ መንገድ ስትደርስ ሰማዩ መጨለም ጀምሮ ነበር፤ ሕፃናት በየመስኮቱ ፊታቸውን ለጥፈው የመጀመሪያዋን ኮከብ ይጠብቃሉ፤ እሷ ሳትታይ ማዕድ አይቀረብም። ደረጃውን ወጥታ የመጨረሻው ደርብ ላይ ቆመች። ከአንድ በር ኋላ የቀይ ሥር ሾርባ ይሸታል። እጇን ወደ ደወሉ ስትሰድ ከደወሉ ሥር በንጹሕ የብረት ሰሌዳ ላይ የተቀረጸውን ስም አነበበች።

ቪ. ሳርና።

እጇ አየር ላይ ቀረ። የሞተው ሰው፣ ጎጆ ውስጥ በካልሲ ብቻ የተቀመጠው ሰው፣ ቤት ነበረው። ሰሌዳውም ተወልውሏል። ከዚያ ደወሉን ተጫነች።

የከፈተችው ነጭ ፀጉሯን በጥንቃቄ የሠራች አሮጊት ናት። ኦቲሊያን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ፊቷ በደስታ ተጥለቀለቀ።

«እንግዳ!» ብላ ወደ ውስጥ ጮኸች። «ልጄ፣ እንግዳ መጣ! በሕይወቴ ሙሉ ላልታሰበ እንግዳ ሳህን ስዘረጋ ኖሬ አንድም ቀን አልመጣልኝም!»

«እመቤት፣ እኔ ፖሊስ—»

«ፖሊስ በዋዜማ አይበላም? ግቢ፣ ግቢ፣ በረደሽ!»

ከወጥ ቤት ሽርጥ የታጠቀ፣ ሹራብ የለበሰ ሰው ወጣ። ሴቬሪን ባጊንስኪ ነው። ድምፁን አሁንም ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ክብርት ኢንስፔክተር፣ የቤተ ሰብ በዓል ነው። ፈቃድ ይዘዋል?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው—»

«ሴቬሪን!» አለች እናቱ። «በዚህ ቀን እንግዳ ከደጅ ይመለሳል? አባትህ መቃብሩ ውስጥ ይገለበጣል! ተቀመጪ የኔ ልጅ። እኔ ክሌመንቲና ነኝ።»

ሴቬሪን ባጊንስኪ ስለ ቤት አልባ ሰዎች፣ እንግዳ መቀበል ቅዱስ ነው እያለ በየመድረኩ ሲናገር የኖረ ሰው ነው። እናቱ ፊት እንግዳ ማባረር አልቻለም። ኦቲሊያ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሳህኑን አንሺ፣» አለቻት አሮጊቷ እየሳቀች። «ከሥሩ ያለው የዕድልሽ ነው። ቦርሳሽ ውስጥ ካኖርሽው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አይነጥፍብሽም።»

ኦቲሊያ ሳህኑን አነሣች። ነጩ ጨርቅ ላይ ከጥፍር ያነሰች፣ ብርሃን የምታሳልፍ የዓሣ ቅርፊት ተቀምጣለች።

«ደስ የሚል ካርፕ ነው፣» አለች ኦቲሊያ። ድምፏ አልተለወጠም። «ማን አመጣልዎት?»

«እናቴ፣ ሾርባው—»

«አንድ ትሑት ሰውዬ! እኔ በሩን ከፍቼ እየወጣሁ ነበር፣ ለኑዛዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን። በሩ ላይ ቆሞ ሰሌዳውን አፍጥጦ ያያል። ‹ይሄ ማን ነው?› አለኝ። እኔ ምን አውቄ፤ የድሮ ተከራይ ነው ይለኛል ልጄ። ሴቬሪን ‹ሂጂ እማማ፣ እኔ እቀበለዋለሁ› አለኝ። ስመለስ ሰውዬው ሄዷል፣ ባኞ ቤቱ ግን ጎርፍ! ልጄ ተንበርክኮ ይወለውላል። ተወልዶ ወልውሎ አያውቅም! ዓሣው ዘሎ ነው አለኝ። ባልዲውንም ረስቶት ሄደ ምስኪን፤ ያው በረንዳ ላይ።»

ኦቲሊያ ተነሥታ የበረንዳውን መጋረጃ ገለጥ አደረገች። ቀይ ባልዲ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ።

«እማማ፣ ወጥ ቤት ግቢ፣» አለ ሴቬሪን።

አሮጊቷ የልጇን ፊት አይታ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ገባች። በሩ ሲዘጋ ዳይሬክተሩ ሽርጡን ፈትቶ በአራት አጠፈው።

«ኪራዩን የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ የሚቆጣጠረው የበሩን ስም ብቻ ነው፣» አለ። «ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ስሙን ያያል፣ ይሄዳል። ደወሉን እንኳ አይነካም። እና እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ብርድ ቤት ውስጥ—»

«ምን አለዎት?»

«ማን?»

«ቪቶልድ።»

ሴቬሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። «‹ቤቴ ነው› አለ! ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ። በኔ መስቀያ ላይ! ‹ገላዬን በባኞዬ ልታጠብ፣ ከዚያ እንነጋገራለን› አለ። ዓሣው ውስጥ እያለ ጎንበስ ብሎ ውሃውን በእጁ ሞከረ፤ ይሞቅ እንደሆነ። ለአርባ ሰው ጣሪያ የሰጠሁ ሰው ነኝ። አርባ! እሱ ለአንድ ክፍል ብሎ ሁሉን ሊያፈርስ!»

«ከዚያ ካፖርቱን መልሰው አለበሱት፣ ቮድካ አፈሰሱበት፣ በፋውንዴሽኑ መኪና ወደ ጎጆዋ ወሰዱት።»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«ማን ይጠይቃል? ከተማው ሁሉ እኮ አይቶዎታል።» ካቴናውን አወጣች። በሊፖቮ ራሱን የሳተ ሰው ሲጫንባት ማንም ዞር ብሎ የማያይባት አንዲት መኪና ብቻ ናት፤ እሷንም ማዘጋጃ ቤቱ ነው የገዛት። «ከሞተም በኋላ ዓሣውን ባኞው ውስጥ ተዉት።»

«እናቴ ጠብቃው ነበር። የገና በዓል ነው።»

ይህን ሲል ከልቡ እንዳመነበት አየች። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የጠላችው መስሏት ነበር፤ ለካ ገና አልጀመረችም ነበር።

ሴቬሪንን ጣቢያው ሲያስገቡ የምክትል ከንቲባው መግለጫ ቀድሟቸው ደርሷል። በአንድ ወገናችን ላይ በደረሰው ደንግጠናል ይላል። ጉዳዩ እስኪጣራ ውሉ ታግዷል፣ ማደሪያው ከዛሬ ማታ ጀምሮ ታሽጓል፣ ተጠቃሚዎች ወደ ጎረቤት ከተማ እንዲሄዱ እንመክራለን ይላል። በዋዜማ ወደ ጎረቤት ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ እንደሌለ መግለጫውን የጻፈው ሰው ሳያውቅ አይቀርም።

ኦቲሊያ የኮስማን ክፍል ከፈተች። ብድግ አለ።

«ነጻ ነዎት። የገደለው ዳይሬክተሩ ነው።»

«የቤቱ ነገር እውነት ነበር?»

«ነበር። ስሙ በሩ ላይ ነው።»

«እኔ ደግሞ ባለ ፎቁ እያልኩ ሳሾፍበት።» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «እና አሁን ልሂድ?»

«አሁን።»

«እስከ ነገ አይቻልም?»

«ክስ የሌለበትን ሰው ማቆየት አልችልም። በሕግ ተከልክሏል።»

«ማደሪያው?»

«ታሽጓል።»

«ጎጆዋስ?»

«እሷንም አሽገናል።»

ኢግናጺ ከጠረጴዛው ኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጫማውም ኤግዚቢት ነው፣ ኢንስፔክተር። ማስቀረት አለብን።»

ኮስማ ቁልቁል ጫማውን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን። መስታወቱ ላይ በረዶው አበባ ሠርቷል። «በደንብ ሠርተዋል፣ የኔ እመቤት፣» አለ። አላሾፈም፤ ምስጋናው ከልቡ ነበር። ኦቲሊያ ሰዓቷን አየች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለ ኮስማ። «ፖሊስ መሳደብ ያሳስራል?»

ቀና ብላ አየችው። «ያሳስራል።»

«እስከ መቼ?»

«ዳኛው ከበዓል እስኪመለስ።»

ኮስማ ኮፍያውን አወለቀ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አሰበ። «እርስዎ… ብዙም ጥሩ ሰው አይደሉም።»

«ይሄ ስድብ አይደለም፣» አለ ኢግናጺ። «አስተያየት ነው።»

«መጀመሪያ ‹አንቺ› ይበሉኝ፣» አለች ኦቲሊያ።

«እሱማ ይከብዳል።»

«ይሞክሩ። ጮክ ብለው።»

ኮስማ ቀጥ ብሎ ቆመ። የሚያውቃቸውን ስድቦች አንድ በአንድ እየመዘነ ሲጥል ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ አንዱ ለሴት አይሆንም፣ አንዱ ለበዓል አይሆንም። በመጨረሻ ትንፋሹን ሳበ።

«አንቺ… አንቺ የማዘጋጃ ቤት ሰው!»

ኢግናጺ የሚገምጠውን ዳቦ አስቀመጠ። «ኧረ ጉድ!» አለ። «ሠላሳ ዓመት አገልግያለሁ፤ እንዲህ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።»

«ሰምተሃል አይደል፣ ሳጅን?»

«በሁለቱም ጆሮዬ፣ ኢንስፔክተር።»

«ያዘው። ማሞቂያው ያለበት ክፍል አስገባው፤ እግሩ ባዶ ስለሆነ ቶሎ።»